የኦፕሬተሩ የመጨረሻ ገጽ

ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ በትክክል አስታውሳለሁ ብል እውነት አይሆንም። ወሩ ሐምሌ ይሁን ነሐሴ ዛሬ መናገር አልችልም። በክፍሉ ውስጥ የነበርነው አሥራ ዘጠኝ ይሁን ሃያ አንድ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ሰው ይገባና ይወጣ ስለነበር ቁጥሩ ራሱ አይረጋም ነበር። የአንዳንድ ንግግሮችን ቅደም ተከተልም ሳይታወቀኝ አስተካክዬ ይሆናል። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ትዝታውን ሳያርም መተው ይቸግረዋል። አንባቢ ዝርዝሩን በዚህ ልክ እንዲይዝልኝ እጠይቃለሁ።

የተያዝኩት መቱ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባጃጅ ስጠብቅ ነው። ሁለት ሰዎች ቀርበው ሰላምታ ሰጡኝና አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። አንደኛው የክረምት ተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት የያዝኩበትን ፌስታል ተቀበለኝ። ሊያግዘኝ መስሎኝ አመሰገንኩት። ስሜ በአንድ ዝርዝር ላይ መገኘቱን ነገሩኝ፤ የምን ዝርዝር እንደሆነ ግን ያኔም ሆነ ከዚያ በኋላ የነገረኝ የለም።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የቡና መጋዘን ነበር። ግድግዳው እስከ ወገብ ሲሚንቶ፣ ከወገብ በላይ ቆርቆሮ ነው። ጣሪያውም ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። መስኮት አልነበረውም፤ ከበሩ በላይ አንድ ክንድ የምትሆን ክፍተት ብቻ ነበረች፤ ብርሃን የሚገባው በእሷ ነው። በወለሉ ስንጥቆች ውስጥ የቀረው የጀንፈል፣ ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ሽታ ሰውነታችን ላይ ተጣብቆ የራሳችን ሽታ እስኪመስለን ድረስ ተላመድነው። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ወዲያው የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ክፍሉን በዓይኔ መለካት ጀመርኩ። ሰባት እርምጃ በአምስት። እርምጃ ለመራመድ ግን የተዘረጉ እግሮች በሌሉበት መርገጥ ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለ ቦታ አልነበረም።

የክፍሉ ሰዎች የመረጡት አለቃ በከተማው ሱቅ የነበረው፣ ትውልዱ ከወደ ጉራጌ የሆነ ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ሁሉም ካቦ ይሉታል። መኝታ የሚያከፋፍለው፣ ጠብ የሚያበርደው፣ ከጥበቃዎቹ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ሥራዬን ጠየቀኝና ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ አልኩት።

«እንግዲህ ማመልከቻ ትጽፍልናለህ» አለኝ። «እዚህ ያለው ሥነ ጽሑፍ እሱ ነው።»

ሰው ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል። በክፍሉ ውስጥ የተፈቀደው አንድ እስክሪብቶ ብቻ ነበር፤ ለማመልከቻ ተብሎ የተፈቀደ፣ በካቦ ኪስ የሚኖር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክሪብቶው በእጄ ብዙ ጊዜ ይቆይ ጀመር። የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ እየሰማሁ «እኔ አመልካች» ብዬ እጀምርና «ፍትሕ እንዲሰጠኝ በትሕትና አመለክታለሁ» ብዬ እጨርሳለሁ። ለአንዱም መልስ ሲመጣ አላየሁም።

የኢሉባቦርን ክረምት የሚያውቅ ሰው የከሰዓት በኋላውን ዝናብ ያውቀዋል። ከምሳ በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ያ ድምፅ ዝናብ አይመስልም። ጎረቤትህ ጆሮህ ውስጥ ቢጮህ አትሰማውም። አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት፣ ክፍሉ ሙሉ ሰው አፉን ዘግቶ ይቀመጣል።

በመጀመሪያው ቀን ዝናቡ ሲጀምር በስተቀኝ ጥግ የነበሩት ሽማግሌ ተነሥተው ግንባራቸውን ሲሚንቶው ላይ አስደገፉ። መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንደ ብርድ ሳይሆን፣ መኪና ላይ ተጭኖ እንደሚሄድ ዕቃ በአንድ ዓይነት ፍጥነት። ካቦ ወደ እሳቸው በአገጩ አመለከተኝ፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ደግሞ «ሬዲዮው ተከፈተ» አለ። የሳቁ ነበሩ። እሱ ግን ተነሥቶ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል ካደረገ በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው።

ሽማግሌው የዳሪሙ ገበሬ ነበሩ። በወጣትነታቸው በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ በሰሜን ግንባር የሬዲዮ ኦፕሬተር ሆነው አገልግለዋል፤ ሠራዊቱ ሲበተን በሃምሳ አለቃ ማዕረግ፣ አብዛኛውን መንገድ በእግራቸው፣ አገራቸው ገቡ። ለእስር ያበቃቸውም ያው የድሮ ሙያ ነው። አንድ ሰው «ሬዲዮ ያውቃል» ብሎ ጠቆመባቸው፤ በጫካ ካሉት ጋር ሊያገናኝ ይችላል ተባለ። ሬዲዮ ከነኩ ብዙ ዘመን እንዳለፋቸው ቢናገሩም ሰሚ አላገኙም። እኔን «በርሲሳ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው።

በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን ዝናቡ መጥቶ ሽማግሌው ግድግዳቸውን ሲይዙ አንድ ነገር አደረግሁ። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ መናገር ስለማይቻል ይሆናል። የካቦ ቤተሰብ ቆሎ ጠቅልለው ከላኩበት የደብተር ወረቀት ላይ ቆርጬ «ጋሼ፣ ምን ይሰማዎታል?» ብዬ ጻፍኩና ከነእስክሪብቶው እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ወረቀቱን አነበቡት። ከዚያ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንዲት ቃል ጻፉ፤ እያንዳንዱን ፊደል ለየብቻ፣ ሳይነካካ።

«ጥሪ።»

የሚቀጥለውን ወረቀት ሰጠኋቸው። ማን እንደሚጠራ ጠየቅሁ። በሚቀጥለው ቀንም እንደዚያው ሆነ። ዝናቡ እንደ ትምህርት ቤት ደወል ሆነልን፤ ሲጀምር ወረቀት እናወጣለን፤ ሲያቆም እንደብቃለን። ስለ ራሳቸው በቃል ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ኦሮምኛ ይቀላቅሉ ነበር፤ በጽሑፍ ግን አንድም የኦሮምኛ ቃል አላስገቡም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «እናቴን የማስባት በኦሮምኛ ነው» አሉኝ። «ያ ኮረብታ ግን የሚያወራኝ በአማርኛ ነው።»

ቀስ በቀስ የተረዳሁት ይህን ነው። ኮረብታ ላይ ሃያ አራት ሰዎች ነበሩ። እሳቸው ከታች በሸለቆው ውስጥ፣ ከአለት ሥር፣ ሬዲዮውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከሰዓት በኋላ ከላይ ካለው ዕዝ አንድ መልእክት ደረሳቸው፦ ኮረብታው ላይ ያሉት በፍየል መንገድ በኩል ቶሎ ይውረዱ። ሥራቸው ያን መቀበልና ለኮረብታው ማስተላለፍ ነው። መቀበላቸውን ያስታውሳሉ። ከዚያ ከአለቱ አጠገብ የከባድ መሣሪያ ጥይት ወደቀ። ቀጥሎ የሚያስታውሱት ቃሬዛ ላይ ሆነው፣ የሬዲዮው ሽቦ እጃቸው ላይ እንደተጠመጠመ ነው። በመካከል ያለው የለም። አስተላልፈዋል ወይስ አላስተላለፉም? ከኮረብታው ሲወርድ ያዩት ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ከባድ ድምፅ በሰሙ ቁጥር ያን መልእክት እየደጋገሙ ይልካሉ። ከንፈራቸው የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነበር።

ሲጽፉት ግን ታሪክ አያደርጉትም ነበር። የሚያውቁት አንድ የአጻጻፍ ሥርዓት ብቻ ነው፤ የመልእክት ቅጽ። ከማን፣ ለማን፣ ሰዓት፣ መልእክት። በየገጹ ያው መልእክት፣ ያው ሰዓት፣ ያው «ይውረዱ»። እያንዳንዱ ገጽ ሲጠናቀቅ ተመልሰው ወደ ግድግዳው ይዞሩ ነበር። ይህን ሳይ የተማርኩት ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሚጠቅም መስሎ ተሰማኝ። «እኔ» ማለት እንዲተዉ መከርኳቸው። «አንድ ሰው ነበረ» ብለው እንዲጀምሩ፣ ያን ሰው ከሩቅ እንዲያዩት፣ ምን ለብሶ እንደነበር፣ ምን ሽታ እንደሸተተው፣ ምሳ በልቶ እንደሆነ እንዲጽፉ።

በጥርጣሬ አዩኝ።

«ይህ ውሸት አይሆንም ወይ፣ በርሲሳ?»

ውሸት እንዳልሆነ ነገርኳቸው። እርስዎ መሸከም ያቃተዎትን ሰውየው ይሸከምልዎታል አልኳቸው። ያኔ ይህን የተናገርኩት በሙሉ እምነት ነበር። «ሰውየው» የሚለውን ሰርዘው «ኦፕሬተሩ» ብለው ጻፉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳጋንን እንዳልገኝ እጠነቀቃለሁ። ሽማግሌው አልዳኑም። ዝናብ ሲመጣ ፊታቸው ይገረጣ ነበር። ነገር ግን ግድግዳውን መያዝ ተዉ። ይቀመጣሉ፣ ይጽፋሉ። የመልእክቱን ቅጽ በየገጹ አናት ላይ አልተዉም፤ ከሥሩ ግን ኦፕሬተሩ ጫማው ጠቦት እናየዋለን፤ በኮረብታው ላይ ያለው ጓደኛው በሬዲዮ ትንባሆ ሲለምነው እንሰማለን። ካቦ ከበሩ ክፍተት የሚመጣው ብርሃን የሚያርፍበትን የራሱን ቦታ ለቀቀላቸው። አንድ ቀን ዝናቡ ቶሎ ሲያባራ እስከዚያ የጻፉትን ጮክ ብለው አነበቡልን። ሌባም፣ ነጋዴም፣ እንደ እኔ በዝርዝር የመጣውም ሁሉ አዳመጠ። ሲጨርሱ ካቦ ነው የጠየቀው።

«እና አስተላለፈው?»

«ገና እዚያ አልደረሰም» አሉት።

«ጓዴ፣ ፈጠን ይበል እንጂ። ሰዎቹ ኮረብታ ላይ ናቸው።»

በዚህ ጊዜ ሁሉም ሳቀ፤ ሽማግሌውም ጭምር። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ ወደ መጨረሻው ገጽ ይቃረቡና ከመልእክቱ ርዕስ በታች ባዶ ይተዉታል።

ፍተሻው የመጣው በአንድ ረፋድ ነው። አውጥተው ግቢው ውስጥ አስቀመጡን፤ ጆንያና ፍራሽ ሲገለባበጥ ከውጭ እንሰማለን። ወረቀቶቹ ከሽማግሌው ፍራሽ ሥር ተገኙ። ያኔ ነበር ስንት ወረቀት እንደሞላና ምን እንደሚመስል የታየኝ። ለእኛ ታሪክ የነበረው ለሌላ ሰው ምን እንደሚሆን አንድም ጊዜ አላሰብኩም ነበር። ከማን፣ ለማን፣ ሰዓት፤ ኮረብታው ላይ ያሉት በፍየል መንገድ ይውረዱ። «ሬዲዮ ያውቃል» ተብሎ በተጠረጠረ ሰው ፍራሽ ሥር። ስሙን «ኦፕሬተሩ» ብሎ የሸፈነ። ስሙን ሸፍን ያልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው መጀመሪያ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። ወጣት ነው፤ ምናልባት ከእኔ ሁለት ዓመት ቢያንስ ነው። አልተቆጣም፤ መምህር እያለ ነበር የሚያናግረኝ። ጉዳዩ ቀላል እንዳልሆነ፣ ወረቀቶቹ የአሁን የግንኙነት ትእዛዝ ሊሆኑ እንደሚችሉ፣ እስክሪብቶው በእኔ እጅ ይቆይ እንደነበር እንደሚያውቅ አስረዳኝ። ስለ ወረቀቶቹ የማውቀውን ጠየቀኝ። እዚህ ላይ ትዝታዬ ግልጽ ነው። መጻፍ እንዲጀምሩ የገፋፋኋቸው እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ድምፄ ከሚያስፈልገው በላይ ከፍ ብሎ እንደነበር እንኳ ትዝ ይለኛል። ቃሌን በጽሑፍ ተቀበለኝ፤ አንብቤ ፈረምኩ።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውን ከእኔ ጋር አቀረቧቸው። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። የቢሮው ጣሪያም ቆርቆሮ ነው፤ መርማሪው ለመሰማት ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አላነሡም። ከጠረጴዛው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ወረቀቶቹ ፊት ለፊታቸው ተደርድረዋል።

የማን እንደሆኑ ጠየቃቸው። የእሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። መምህሩስ? አንድ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከቱ።

«እሱ አያውቅም» አሉ። «የእኔ ናቸው።»

አፌን የከፈትኩ ይመስለኛል። መርማሪው ግን ወደ ሌላ ጉዳይ አልፎ ነበር። ታሪክ ነው እያሉ ከሆነ ታሪክ መጨረሻ አለው አላቸው። ባዶውን ገጽ ወደ እሳቸው ገፋ አደረገና እስክሪብቶ ከላዩ ላይ አስቀመጠ። እዚሁ ቁጭ ብለው ይጨርሱት፤ መጨረሻ ካለው ታሪክ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ከሌለው ግን ትእዛዝ ነው ብዬ እመዘግባለሁ አላቸው። ዛሬ ሳስበው ምናልባት ሊረዳቸው ፈልጎ ይሆናል። ሁለት መስመር ቢጽፉ ይበቃው ነበር። «አስተላለፈ፤ ሁሉም ወረዱ።» ወይም «አላስተላለፈም።» የትኛውም ቢሆን።

ተቀመጡ። እስክሪብቶውን አነሡ። ገጹን ለረጅም ጊዜ አዩት። ጫፉ ወረቀቱን ሲነካ አይቻለሁ፤ ትንሽ ነጥብ ተወ። እኔ በልቤ ይጻፉ፣ ምንም ይጻፉ እያልኩ ነበር። ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ አንድም ጊዜ አላቋረጠም። ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠሙ፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ትይዩ አድርገው፣ በጥንቃቄ አስቀመጡትና ተነሡ።

«ልጄ፣ በትእዛዝ ብዙ ጽፌአለሁ» አሉት። «ይህቺን ግን በትእዛዝ አልጽፍም።»

መርማሪው ወረቀቶቹን ሰብስቦ ፋይል ውስጥ አስገባ፤ ባዶውንም አብሮ።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ሲወጡ ካቦ ጋቢውን ሰጣቸው፤ መልሰው ሊሰጡት ሞከሩ፤ እንቢ አለ። እኔን ከአሥር ቀን በኋላ ይሁን ከዚያ ትንሽ ባነሰ ጊዜ ያለ ክስ ለቀቁኝ። እሳቸው ሰባት ወር ቆዩ።

ከዓመታት በኋላ ዳሪሙ ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው። ከሚኒባሱ ወርጄ ረጅም መንገድ በእግሬ ነው የተጓዝኩት። ልጃቸው ቤቱን ከሣር ወደ ቆርቆሮ ስትቀይር አልተቃወሟትም ነበር። የተጠበሰ በቆሎ ሰጡኝ። ዝናብ ሲመጣ ደብተር ያወጣሉ፤ ልጃቸው የሞሉ ደብተሮችን በጆንያ አሳየችኝ። ኦፕሬተሩ አሁን ስለ ብዙ ነገር ያስባል፤ ስለ ጫማው፣ ስለ እናቱ ማሳ፣ በኮረብታው ላይ ስላሉት የእያንዳንዳቸው ስም። የመጨረሻውን ገጽ ጠየቅኋቸው።

«አልጨረስኩትም» አሉኝ። «የሚያጣድፈኝ ደግሞ የለም።»

ያን ቀን መርማሪው ፊት ስለከለሉኝ አመሰገንኳቸው። እኔ ጥፋቱን ወስጄ እያለ እሳቸው እንደገና ወደ ራሳቸው መውሰዳቸው ለዘመናት እንደከነከነኝ ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ በቆሎውን ወደ እኔ አስጠጉት።

«ተወው፣ በርሲሳ» አሉ። «ብላ።»

ከዚያ በኋላ ብዙም አልኖሩም።

አሁን በመቱ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ከቅርቡ ጦርነት ከተመለሱ ጥቂት ወጣቶች ጋር በአንድ ትምህርት ቤት ክፍል እንቀመጣለን። አንዱ እጁን አጥቷል፤ ሌሎቹ የጎደላቸው አይታይም። ወረቀት እሰጣቸዋለሁ። «ሰውየው» ብላችሁ ጀምሩ እላቸዋለሁ፤ እንደሚጠቅም በዓይኔ አይቻለሁና። ያለቀውን እንዲያነቡ አልጠይቅም፤ ያላለቀውንም እንዲጨርሱ አላዝም። የራሴን የእስር ታሪክ ግን በ«ሰውየው» ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ። በሦስቱም ላይ ሰውየው መርማሪው ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል።

ባለፈው ዓመት ለአንድ የሥራ ጉዳይ ማስረጃ ስላስፈለገኝ የዚያን ጊዜውን መዝገብ ግልባጭ ጠየቅሁ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ሰጡኝ። የሽማግሌው ወረቀቶች በውስጡ የሉም። የእኔ ቃል ግን አለ፤ አንድ ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ። እንዲህ ይላል፦ «ወረቀቶቹን አላውቃቸውም። የሽማግሌው ናቸው። ሲጽፉ አይቻለሁ፤ ምን እንደሚጽፉ ግን ጠይቄ አላውቅም።» በዚያ ቀን፣ በዚያ ጠዋት የተሰጠ ሌላ ቃል በመዝገቡ ውስጥ የለም። ሌላ ሰው የጻፈው ሊሆን ይችላል ብዬ ገጹን ቤት ወሰድኩት፤ በታሰርኩበት ሰሞን ከፈረምኳቸው የተማሪዎች ውጤት ወረቀቶች ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አመሳከርኩት። ፊርማው የእኔ ነው።